እንግዳ ከሄደ በኋላ የሚቀረው

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤተሰብ ኑሮ የምንጽፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከቤታችን ደጃፍ የሚርቅ አይደለም። የዛሬው ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነገር ስለ ሆነ፣ አንባቢዎቼ በትዕግሥት እንድትከተሉኝ እለምናችኋለሁ፤ ዞሮ ዞሮ የሚገባው ልጅ ካለበት ቤት ሁሉ ነውና።

አብሮ አደጌና የትምህርት ቤት ጓደኛዬ የሆነ አንድ ሰው በአሜሪካ አገር በቨርጂንያ ይኖራል። ባለፈው ዓመት በመስከረም ወር ከእርሱ ዘንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ቃሉን አሳጥሬ ብጽፈው እንዲህ የሚል ነው።

«17 ዓመት የሆናት ልጄ ያለችበት የቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ማኅበር በገና ዕረፍት ወደ ሆንዱራስ ሊሄድ ተነሥቷል። በተራራ ላይ ባለች በአንዲት የገጠር መንደር ዐሥር ቀን ተቀምጠው ለድኾች ቤት ሊሠሩ ነው። የሚሄዱት 20 ናቸው፤ ለእያንዳንዱም ሰው የመጓጓዣው፣ የማደሪያውና የምግቡ ወጪ 2,000 ዶላር ነው ብለውናል። ልጄ የጎረቤት ሕፃናት እየጠበቀችና መኪና እያጠበች 600 ዶላር አጠራቅማለች፤ የቀረውን ከእኔ ትጠብቃለች። እናቷ ትሂድ ትላለች፤ የእኔ ልብ ግን አልተቀበለውም። ብሎኬት አንሥታ የማታውቅ ልጅ ለሌላ ሰው ቤት ልትሠራ መሄዷ ያስቀኛል፤ ደግሞም የድኻ አገር ልጅ ስለ ሆንሁ፣ ድኽነቱን ሊያዩበት ሰዎች ከሩቅ ሲመጡበት ሰው ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። እንዳልከለክላት ደግሞ ልጅቱ ለሰው የማሰብ ልብ ስላላት፣ ያን ልብ መስበር ኃጢአት መስሎ ይታየኛል። አንተ ምን ትላለህ?»

ደብዳቤውን ካነበብሁ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል መልስ ሳልጽፍ ቆየሁ። ይህም ከስንፍና የተነሣ ሳይሆን፣ ሁለት የልጅነት ትዝታዎች በልቤ ውስጥ እንደ ከሳሽና እንደ ተከሳሽ ቆመው ስለ ተሟገቱ ነው። ሁለቱም ነገሮች የተፈጸሙት ወዳጄና እኔ በአንድ ወንበር ተቀምጠን በተማርንበት ትምህርት ቤት ነው።

ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመን ወጥተን ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ ከባሕር ማዶ እንግዶች መጡና ሁለት ሳምንት አብረውን ሰነበቱ። እኛም ልጆቹ አበባ ይዘን በመዝሙር ተቀበልናቸው። ሊሠሩት የመጡት ሥራ የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ኖራ መቀባት ነበር፤ እየዘመሩና እየሳቁም በትጋት ይቀቡ ጀመር። በመንደራችን ግን በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ያን ግድግዳ ኖራ እየቀባ ደመወዙን የሚቀበል አንድ ሰው ነበረ። በዚያ ዓመት ሥራው ለእንግዶቹ ስለ ተሰጠ፣ ሰውዬው ብሩሹን ይዞ ከዋርካው ሥር ቆሞ ሲያያቸው ዋለ። ልጁ ከእኛ ጋር ይማር ነበር፤ ያን ዓመት ደብተር የሚገዛለት ስላጣ የእኔን አንድ ደብተር ከመካከሉ ከፍለን ለሁለት ተጠቀምንበት። ከእንግዶቹ መካከል አንድም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን የዚህን ሰው መኖር ያወቀ አልነበረም፤ የነገራቸውም የለም። ኖራውም ቢሆን አቀባቡን ስላላወቁት ሁለተኛው ክረምት ሳያልፍ ተላጠ።

ሁለተኛው ትዝታ የሚነሣው ከእነዚያው እንግዶች መካከል ከነበሩ አንድ ሽማግሌ ነው። እኒህ ሰው በመጡ በማግሥቱ ወደ መምህራችን ቀርበው «በዚህ ትምህርት ቤት ቶሎ ቶሎ የሚበላሽባችሁ ነገር ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። መምህራችንም ልጆቹ እየተቀባበሉ የሚያነቡት መጽሐፍ ሁሉ ቅጠሉ እየወለቀ እንደሚጠፋ ነገሯቸው። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ወደ ኖራው አልተመለሱም፤ ከእኛ አራት ልጆችን መርጠው በመርፌና በሰም በታሸ ክር መጽሐፍ እንዴት እንደሚጠረዝ እስኪለቁን ድረስ አስተማሩን። ዛሬ በፍርድ ቤት መዝገብ ስይዝ፣ የተበታተነ ሰነድ ባገኘሁ ቍጥር የምሰፋው በዚያ ስፌት ነው። እኔም በተራዬ ሁለት ወጣት ጸሐፊዎች አስተምሬበታለሁ።

እንግዲህ የወዳጄ ልጅ ከሁለቱ እንግዶች የትኛውን ትሆን? የነገሩ ቍልፍ ይህ መስሎ ታየኝ። ስለዚህ መልስ ከመስጠቴ በፊት፣ የምትሄድበት አገር ሰዎች ከዚህ ቀደም ከእንዲህ ያሉ እንግዶች ምን እንዳገኙ መረመርሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሰውን ዓመተ ምሕረት ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሆንዱራስ በመካከለኛው አሜሪካ የምትገኝ ተራራ የበዛባት አገር ናት። ሕዝቧ በእስጳንያ ቋንቋ ይናገራል፤ ባላገሩ በቆሎና ቦሎቄ ይዘራል፤ በከፍተኛው ስፍራ ደግሞ ቡና ያለማል። በ1998 በኦክቶበር ወር መጨረሻ ሚች የተባለ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ወደዚያች አገር ገባ። ነፋሱ ከደከመ በኋላም ዝናቡ በአገሩ ላይ ቆሞ ለብዙ ቀን ስላላባራ፣ ደኑ የተመነጠረው ተራራ እየተናደ መንደሮችን ቀበረ፤ ዋናዪቱን ከተማ ቴጉሲጋልፓን አቋርጦ የሚያልፈው የቾሉቴካ ወንዝም ሞልቶ ሰፈሮችን ጠራርጎ ወሰደ። በመካከለኛው አሜሪካ በጠቅላላው ከ11,000 የሚበልጥ ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ ከዚህም ከግማሽ የሚበልጠው የሞተው በሆንዱራስ ነው። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ደግሞ እጅግ ብዙ ነበር።

ይህ መከራ በተሰማ ጊዜ ከሰሜን አሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ማኅበሮች ተነሥተው ቤት ሊሠሩ ወደ ሆንዱራስ ጎረፉ። በዚያ አገር ብዙ ዓመት የኖረ ኩርት ቨር ቢክ የተባለ አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ጥናት መምህር የዚህን ሥራ ፍሬ መርምሮ ጥናቱን በ2006 አሳተመ። እርሱ ራሱ ክርስቲያን ስለ ሆነ ነገሩን የመረመረው ለመንቀፍ ሳይሆን እውነቱን ለማወቅ ነው። ባገኘው ስሌት መሠረት፣ አንድ ማኅበር የአውሮፕላኑን፣ የማደሪያውንና የምግቡን ወጪ ጨምሮ አንድ ቤት ለመሥራት 30,000 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። ያንኑ የመሰለ ቤት የአገሩ ሰዎች ማኅበር በአገሩ ግንበኞች ሲያሠራው ግን 2,000 ዶላር ያህል ይበቃው ነበር። በአንዱ ገንዘብ 15 ቤት መሥራት ይቻል ነበር ማለት ነው።

ቨር ቢክ ቤቱን የተቀበሉትን ቤተሰቦችም ጠየቀ። ቤታቸውን ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዶች የሠሩላቸውና የአገራቸው ሰዎች የሠሩላቸው ቤተሰቦች በኑሯቸው ይህን ያህል ልዩነት አልተገኘባቸውም። እንግዶቹ ስለ መጡላቸው ያመሰገኑ ነበሩ፤ ነገር ግን ምርጫው ለእናንተ ቢሰጥ ምን ይሻላችኋል በተባሉ ጊዜ፣ በገንዘቡ ብዙ ቤት ቢሠራበትና ሥራ ላጡት ግንበኞች ሥራ ቢገኝበት ይሻል ነበር አሉ። ሄደው የተመለሱትም አሜሪካኖች ተጠየቁ። ብዙዎቹ ሕይወታችን ተለውጧል፣ ከዚያ ወዲህ ለድኻ የምንሰጠው በዝቷል ብለው መለሱ፤ የገንዘቡ መዝገብ በተመረመረ ጊዜ ግን ለውጡ እንደ ቃላቸው ሆኖ አልተገኘም። እኔ ጸሐፊ ስለ ሆንሁ ይህ የመጨረሻው ነገር እጅግ ነካኝ፤ ሰው በቅን ልቡ የሚናገረው ቃልና በመዝገብ ላይ የሚገኘው ነገር ምን ያህል እንደሚለያዩ በየቀኑ አያለሁና።

ነገሩ የጥቂት ሰዎች ነገር ነው እንዳትሉ፣ ሮበርት ዉትናው የተባለው የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ መምህር በ2005 ብቻ ከአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት 1.6 ሚሊዮን የሚሆን ሰው እንዲህ ላለው አጭር አገልግሎት ወደ ውጭ አገር እንደ ሄደ ገምቷል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ለወዳጄ «ልጅህን ከልክላት፤ ገንዘቡን ግን ላኩ» ብዬ ልጽፍለት ብዕር አንሥቼ ነበር። እጄን የያዘው የዚያ ሽማግሌ ስፌት ነው። እንግዳ ሁሉ ከንቱ ነው እንዳልል፣ በእንግዳ የተማርሁት ሥራ በእጄ ላይ አለ። ስለዚህ ደግሞ መልካም የሆነውን ምሳሌ ፈለግሁ።

ዳን ዌስት የሚባል፣ የወንድሞች ቤተ ክርስቲያን የምትባለው ማኅበር አባል የሆነ አንድ ገበሬ በአሜሪካ በኢንዲያና ይኖር ነበር። በ1937 እስጳንያ በርስ በርስ ጦርነት በምትታመስበት ጊዜ፣ ይህ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ልካው ለተራቡ ሕፃናት የዱቄት ወተት ሊያድል ወደዚያ ሄደ። ወተቱ ለሁሉ ስለማይበቃ፣ ለማን እንደሚሰጥና ማን እንደሚከለከል መምረጥ ግድ ሆነበት። ይህም ነገር ዕረፍት ነሣው። ከዚህ በኋላ፣ ለእነዚህ ሰዎች የሚያስፈልጋቸው አንድ ኩባያ ወተት ሳይሆን አንዲት ላም ናት የሚል አሳብ በልቡ አደረ። በእኛ አገር ተስፋ ብቻ ይዞ ለሚኖር ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፤ ወተቷንም አላይ» ይባላል። ዳን ዌስት የፈለገው ላሚቱን ከደጅ ማሰር ነበር።

ወደ አገሩ ተመልሶ አሳቡን ለጎረቤቶቹ ገበሬዎች ገለጸላቸው፤ እነርሱም ከየበረታቸው ጊደር ይሰጡ ጀመር። መጀመሪያ ከተሰጡት ጊደሮች ሦስቱ እምነት፣ ተስፋና ፍቅር የሚል ስም ወጣላቸው። በ1944 አጋማሽ የመጀመሪያዎቹ 17 ጊደሮች በመርከብ ተጭነው ወደ ፖርቶ ሪኮ ደሴት ሄዱ። ጊደሪቱን የሚቀበል ቤተሰብ የሚገባበት ውል ነበረ፤ ይኸውም መጀመሪያ የምትወለደውን ሴት ጥጃ አሳድጎ ላም ለሌለው ለሌላ ቤተሰብ እንዲሰጥ ነው። ያም ቤተሰብ እንደዚሁ ለሚቀጥለው ይሰጣል።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ደግሞ ከ1945 እስከ 1947 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት ከብቱና ፈረሱ ወዳለቀበት ወደ አውሮፓ እንስሳት በመርከብ ሲልክ፣ ይህችው ቤተ ክርስቲያን በመርከቡ ላይ እንስሳቱን የሚጠብቁ ሰዎች መልምላ ትሰጥ ነበር። 7,000 የሚያህሉ ሰዎች በዚህ ሥራ ሄዱ፤ የባሕር እረኞችም ተባሉ። ከእነርሱ መካከል ገና 16 ዓመት የሆናቸው ልጆች ነበሩ። በማዕበል ላይ ድርቆሽ እየሰጡ፣ ፋንድያ እየጠረጉ፣ የምትወልደውን እያዋለዱ ወደ ፖላንድና ወደ ሌሎችም አገሮች አደረሱ፤ በጦርነት የፈራረሰውንም አገር በዓይናቸው አይተው ተመለሱ። አንባቢዎቼ ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ስለ ነበሩ የሄዱት የማያውቁትን ሥራ ሊለማመዱ ሳይሆን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁትን ሥራ ሊሠሩ ነው።

በ1976 በሚላርድ ፉለርና በሚስቱ በሊንዳ የተመሠረተው ሃቢታት የተባለው ቤት ሠሪ ማኅበርም ከዚህ የሚቀርብ ደንብ አለው። ቤት የሚሠራለት ቤተሰብ ራሱ ከሠራተኞቹ ጋር ይደክማል፤ የቤቱንም ዋጋ ቀስ በቀስ ይከፍላል፤ የከፈለውም ገንዘብ ለሌላው ቤት መሥሪያ ይሆናል።

በእነዚህ ምሳሌዎችና ከላይ በተናገርነው የ30,000 ዶላር ቤት መካከል ያለው ልዩነት የገንዘብ ብቻ አይደለም። ጥጃዋን አሳድጎ ለጎረቤቱ የሰጠ ሰው፣ በተቀበለ ጊዜ ዝቅ ያለው ራሱ በሰጠ ጊዜ ቀና ይላል። እኛም ይህን በደቦ እናውቀዋለን። ደቦ የጠራ ገበሬ ለመጡለት ሰዎች ጠላውንና እንጀራውን ያሰናዳል፤ ነገ ደግሞ በሬውን ነድቶ ወደ እነርሱ እርሻ ይወጣል። ስለዚህ ከጎረቤቶቹ መካከል ለማኝ የሚባል የለም። ሁልጊዜ እንዲቀበል ብቻ የተፈረደበት ሰው ግን፣ ሆዱ ቢጠግብ እንኳ ክብሩ ይራባል።

ነገሩን እንዲህ ካየሁት በኋላ ለወዳጄ ጻፍሁለት። «ልጅህን አትከልክላት፤ ዝም ብለህም አትስደዳት። ሦስት ጥያቄ በማኅበሯ ፊት እንድትጠይቅ ንገራት። አንደኛ፣ ወደዚያ መንደር የጠራችሁ ማን ነው፣ የመንደሩስ ሰዎች የሚያስፈልጋቸውን ጠይቃችኋቸዋልን? ሁለተኛ፣ በሥራው ላይ አለቃ የሚሆነው ማን ነው፣ እናንተ ናችሁ ወይስ የአገሩ ግንበኛ? ሦስተኛ፣ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ በመንደሩ የሚቀረው ምንድን ነው? ለእነዚህ መልስ ካገኘች ትሂድ፤ ካላገኘችም የማግኛውን መንገድ እነርሱው ይፈልጉ» አልሁት።

ልጅቱ ጥያቄዎቹን ይዛ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነሣች። መጀመሪያ ሁሉም ዝም አሉ፤ አንዳንዶቹም በጎ ሥራችንን አጣጣለችብን ብለው ተቀየሟት፤ እርሷም በዚያች ሌሊት ስታለቅስ አደረች። የማኅበሩ መሪ ግን አስተዋይ ሴት ስለ ነበረች፣ በመንደሪቱ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ጥያቄዎቹን እንዳሉ ጽፋ ላከች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። ወዳጄ እንደ ጻፈልኝ፣ መልሱ በብዙ ትሕትና የተጻፈ ነበር። በገና ሰሞን የቡና ለቀማ ስለ ሆነ፣ የመንደሩ ሰው ከሕፃን እስከ ሽማግሌ በቡናው ውስጥ ይውላል፤ በዚያ ጊዜ 20 እንግዳ መቀበል ማለት ለቀማውን ትቶ ምግብ ማብሰልና ውኃ መቅዳት ነው፤ የዓመቱም ገቢ ያን ጊዜ ካልተሰበሰበ ሌላ ጊዜ የለውም። ደግሞም በመንደሩ ሥራ የፈቱ ሦስት ግንበኞች አሉ። ስለዚህ ብትመጡ ደስ ይለናል፤ ነገር ግን ለቀማው ካለቀ በኋላ ዝናቡም ሳይጀምር ብትመጡ፣ ቍጥራችሁም ጥቂት ቢሆን፣ ሥራውንም በግንበኞቻችን ሥር ሆናችሁ ብትሠሩ ይሻለናል የሚል ነው። መሪዪቱም አፍራ፣ ይህን ሁሉ ከዚህ ቀደም ለምን አልነገራችሁንም ብላ ጠየቀች። የመጣው መልስ አጭር ነው፤ «አልጠየቃችሁንም» የሚል።

ማኅበሩ ከብዙ ክርክር በኋላ ከ20 ሰው 8 ብቻ እንዲሄዱ ወሰነ። የቀሩት የ12 ሰዎች ወጪ 24,000 ዶላር ለብሎኬትና ለሲሚንቶ መግዣ፣ ለግንበኞቹም ደመወዝ እንዲሆን ወደ መንደሪቱ ተላከ። የሚሄዱት በዕጣ ተለዩ፤ የወዳጄ ልጅም ዕጣ ደረሳት። ለመሄድ ሲጓጉ ቆይተው ገንዘባቸውን ሰጥተው የቀሩት 12 ልጆች ሥራ ከሄዱት የሚያንስ አይመስለኝም፤ እንዲያውም ፎቶግራፍ ሳይነሡ የሰጡ እነርሱ ናቸው።

ስምንቱ ከትንሣኤ በኋላ ባለው ሳምንት ሄዱ። ልጅቱ ከተመለሰች በኋላ የሆነውን ሁሉ ለአባቷ ነገረችው፤ እርሱም ጻፈልኝ። በመጀመሪያው ቀን የደረሳት ሥራ አሸዋ ማንፋትና ውኃ መሸከም ነበር። በአራተኛው ቀን ሽማግሌው ግንበኛ አንድ መደዳ ብሎኬት እንድትደረድር ፈቀዱላት። እርሷም ደስ ብሏት ከጧት እስከ ቀትር ደከመችበት። ግንበኛው መጥተው ቱምቢ ጣሉበትና ግድግዳው እንደ ጎበጠ አሳዩዋት፤ ከዚያም ሳይቈጡ ሳይሥቁ አፈረሱት፤ ብሎኬቱንም አንድ በአንድ እያጸዱ እንደገና በፊቷ ገነቡት። ልጅቱም ለአባቷ «ካፈረሱት በኋላ ነው ቤቱ ለሰው መኖሪያ መሆኑ የገባኝ። ከዚያ በፊት ለእኔ መታሰቢያ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር» አለችው። አስተማሪ ሆና የሄደች ልጅ ተማሪ ሆና መጣች፤ ለ17 ዓመት ልጅ ከዚህ የበለጠ ትርፍ አላውቅም።

በመጨረሻው ቀን ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። ቤቱ የሚሠራላቸው አንዲት ባልቴት ነበሩ። ሀብታቸው ሦስት ዶሮና ጥቂት የቡና እግር ነው። እንግዶቹ ሊሄዱ ሲሉ እኒህ ሴት ከሦስቱ ዶሮዎች አንዷን አርደው በመረቅ ሠርተው፣ ቶርቲያ ከሚሉት ከበቆሎ ቂጣ ጋር አቀረቡላቸው። ልጅቱ ደነገጠች። ከድኻ አፍ ነጥቄ እንዴት እበላለሁ ብላ ልትመልሰው አሰበች፤ ዋጋውንም ልትከፍል እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች። ወዲያው ግን በልጅነቷ ወደ አገር ቤት በመጣች ጊዜ፣ የአባቷ አክስት ያቀረቡላትን እንጀራ አልበላም ብላ አሮጊቷ ፊታቸውን አዙረው እንዳለቀሱ ትዝ አላት። እጇን መለሰች፤ ታጥባም በላች፤ እንዲጨመርላትም ለመነች። ባልቴቲቱም ፊታቸው በራ።

ከምግቡ በኋላ ቡና ቀረበ። ልጅቱ በምታውቃት ጥቂት የእስጳንያ ቋንቋ፣ ቡና መጀመሪያ የበቀለው በእናትና በአባቷ አገር መሆኑን ነገረቻቸው። ባልቴቲቱ ሥቀው፣ እንግዲያማ ለአባትሽ የእኛን አቀማምሺው ብለው ራሳቸው የለቀሙትን ቡና በከረጢት ሰጧት።

ወዳጄ በደብዳቤው መጨረሻ የጻፈውን ቃል እንዳለ ላስፍረው። «ያን ቡና ቆልተን፣ ጎረቤት ጠርተን ጠጣነው። እኔ ለልጄ 1,400 ዶላር ጨምሬ ስልካት ሰጪ ነኝ ብዬ ነበር። አሁን ግን አይቻቸው የማላውቃቸው ሴት ባለዕዳ ሆኛለሁ፤ ዕዳውም ደስ ይለኛል። እንደ ጓደኛ ሰው ምን ልላክላቸው እያልሁ አስባለሁ እንጂ፣ እንደ ድኻ ሰው ምን ልወርውርላቸው ብዬ አላስብም።»

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ይህን ነገር በዚህ ዓምድ የጻፍሁት ስለ ሩቅ አገር ወሬ ለማውራት ብዬ አይደለም። ዛሬ በእኛም አገር የከተማ ልጆች በየማኅበራቸው ሆነው ገጠር ወጥተው ለማገልገል ይነሣሉ፤ መነሣታቸውም የተወደደ ነው። ወላጅም ልጁ እንዲህ ያለ አሳብ ይዞ ሲመጣበት፣ በሥላቅ አይቀበለው፤ እንደ ዘበት ገንዘብ ሰጥቶም አይሸኘው። ቍጭ አድርጎ ይጠይቀው። የምትሄድባቸው ሰዎች ጠርተውሃልን? በማን ሥር ሆነህ ትሠራለህ? ስትመለስ እዚያ የሚቀረው ምንድን ነው? ያቀረቡልህንስ በደስታ ተቀብለህ ትበላለህን? ለእነዚህ መልስ ያለው ልጅ የትም ቢሄድ ቤተሰቡን አያሳፍርም።

ልጅ ይህን የሚማረው ደግሞ በአውሮፕላን በመሳፈሪያው ቀን አይደለም። የታመመ ጎረቤት ሲጠየቅ፣ ሐዘን ሲደረስ፣ ለድኻ ዘመድ እህል ሲሰፈር፣ እናትና አባቱ እንዴት እንደሚናገሩና እንዴት እንደሚሰጡ እያየ ነው። በቤታችን ስንሰጥ የተቀባዩን ፊት የምናይ ከሆነ፣ ልጆቻችንም ማየትን ይለምዳሉ።

ያ ኖራ ቀቢ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። ልጁ፣ ከእኔ ጋር ደብተር የተካፈለው፣ ዛሬ በትውልድ አገራችን የታወቀ ግንበኛ ሆኗል። ባለፈው የጥምቀት በዓል አግኝቼው የወዳጄን ደብዳቤ አነበብሁለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ያን ጊዜ ከእንግዶቹ አንዱ አባቴን ጠርቶ፣ እንዴት ነው የሚቀባው ቢለው ኖሮ፣ አባቴ ሁለቱን ሳምንት ሙሉ በነፃ ያስተምራቸው ነበር» አለኝ።